ታካሚው ሌሊት ሲቃዥ ምን ይደረግ? ዴሊሪየምን በቡድን የመለየት፣ የመከላከልና የማከም አሠራር

«ታካሚው ሌሊት ተነሥቶ ግሉኮሱን ነቀለው፤ ‹ቤቴ ልሂድ› እያለ ይጮኻል። ማስተኛውን ዲያዜፓም እንውጋው?» ተረኛ ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አጭሩ መልስ «ቆዩ፣ መጀመሪያ ስኳሩንና ኦክሲጅኑን ለኩ» የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች ያለው ነው። የጻፍኩት በሜዲካልና በቀዶ ሕክምና ክፍል አዋቂዎችን ለምታክሙ ነርሶችና ሐኪሞች ነው። አስታማሚ የሚሠራውም ድርሻ ስላለበት ያንን ክፍል አንብቡላቸው።

ዴሊሪየም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጀምር፣ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ መለስ ቀለስ የሚል፣ ከሁሉ በፊት ትኩረትን የሚነሣ የአእምሮ መታወክ ነው። ምንጩ አካል ላይ ነው፦ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የኦክሲጅን ማነስ፣ የውሃ ጥም፣ የታጨቀ ፊኛ፣ ያልታገሠ ሕመም፣ ወይም እኛው የሰጠነው መድኃኒት። ስለዚህ ሲታይ እንደ ድንገተኛ ሕመም ይያዛል እንጂ «አስቸጋሪ ታካሚ» ተብሎ አይታለፍም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግሉኮሜትር ከነስትሪፑ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ የሚደረግ የኦክሲጅን መለኪያ)፣ ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ። ስትሪፕ መኖሩን ሺፍት ስትረከቡ እዩ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማለቁን ማወቅ ለማንም አይጠቅምም።
- ከአልጋው ላይ ሆኖ የሚታይ የግድግዳ ሰዓትና የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ።
- ታካሚው ቤት የተወው መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ።
- መደገፊያ ያለው ወንበር።
- የእጅ ባትሪ (መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት፣ እንዲሁም ሁሉንም አልጋ ሳትቀሰቅሱ አንዱን ለማየት)።
- 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።
- የርክክብ መዝገብ።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚሠራ ቀድማችሁ ተስማሙ

ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ላይ ሲያነጋግራቸው አባባ ደህና ሆነው ይመልሳሉ። ሌሊት የሆኑትን ያየችው ነርሷ ናት። አዲስ የተጨመረውን መድኃኒት የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው። «አባቴ እኮ እንዲህ አልነበሩም» ማለት የሚችለው ደግሞ አስታማሚው ብቻ ነው። እነዚህ አራት ሰዎች ካልተነጋገሩ ዴሊሪየሙ ዓይን ሥር ሆኖ ይታለፋል።

ነርሷ በየሺፍቱ ትፈትሻለች፣ ትለካለች፣ ትመዘግባለች። ሐኪሙ መንስኤውን ይፈልጋል፤ ካገኘውም ካላገኘውም «ዴሊሪየም» ብሎ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ካርድ ላይ ያልሰፈረ ነገር በሚቀጥለው ሺፍት የለም። ፋርማሲስቱ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ያጣራል። ፊዚዮቴራፒስት ካለ ታካሚውን ከአልጋ ያወርዳል፤ ከሌለ ይህ የነርሷና የአስታማሚው ሥራ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛውንም አትርሱ። ታካሚ ሲረበሽ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፣ ማንም ግን ምንም አስረድቶት አያውቅም። ቀድማችሁ ንገሩት፦ ይህ ሰው ታሟል እንጂ አልሰከረም፤ ነርሷ ሳትጠይቅ አይያዝም፤ ዱላው ደጅ ይቀራል፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ አይነገርም።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ቀን ተጋላጩን ለዩ፣ የወትሮ ሁኔታውን ጻፉ

ዕድሜው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከዚህ በፊት የመርሳት ችግር ያለበት፣ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ፣ ወይም በጠና የታመመ ሰው ተጋላጭ ነው። አዘውትሮ የሚጠጣውንም እዚሁ አስገቡት። ካርዱ ላይ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ አስታማሚውን ጠይቁ፦ «ከመታመማቸው በፊት ቤት ውስጥ እንዴት ነበሩ? ሰው ይለያሉ? ብር ይቆጥራሉ? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ብቻቸውን ሄደው ይመለሳሉ?» መልሱን በሁለት መስመር ጻፉት። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ ዴሊሪየም ግን የሰዓታት ጉዳይ ነው። የትናንቱን ሳያውቁ የዛሬውን ለውጥ ማየት አይቻልም።

መጠጡን ለብቻ፣ ቤተሰብ በሌለበት ጠይቁ። ልጆች ፊት አረቄ እጠጣለሁ የሚል አባት ብዙ የለም። ዕለት በዕለት የሚጠጣ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ሲያቋርጥ መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል፤ ከባዱ ቅዠት ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል ይመጣል። ሕክምናው ከሌላው ዴሊሪየም ስለሚለይ ይህን መረጃ ቀድሞ መያዝ ሕይወት ያድናል።

ደረጃ 3፦ ሳይመጣ ለመከላከል በየቀኑ የሚሠራ

ሆስፒታል ውስጥ ከሚከሰተው ዴሊሪየም ከሦስት አንድ እጅ ያህሉን ማስቀረት ይቻላል፤ የሚያስቀረው ደግሞ መርፌ ሳይሆን የሚከተለው ተራ የሚመስል ሥራ ነው።

ሀ) ውሃና ምግብ። ውሃ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ፤ አስታማሚው ከእንቅልፍ ውጭ ባለው ሰዓት ሁሉ ደጋግሞ ያስጎንጫቸው (ፈሳሽ የተከለከለውን ሐኪሙ ይለያል)። የጾም ወቅት ከሆነ «ይበላሉ ወይ?» ብላችሁ አትለፉ፤ «ዛሬ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ውሃ አልጠጡም?» ብላችሁ ጠይቁ። ታማሚ እንዲጾም አይገደድም፤ ግን ነርስ ስትላቸው እሺ የማይሉ አዛውንት የንስሐ አባታቸው ወይም ሼሁ ሲሏቸው ይሰማሉ። ቤተሰቡ በስልክም ቢሆን እንዲያገናኛቸው ንገሩት።

ለ) ከአልጋ መውረድ። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀን ሦስት ጊዜ ይነሡ፣ ምግብም ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ሰው ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል።

ሐ) እንቅልፍ። ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ሌሊት መብራቱ ይቀነስ። የተረጋጋ ታካሚ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለደም ግፊት ብቻ አይቀሰቀስ፤ የመድኃኒት ሰዓቶችን ከፋርማሲስቱ ጋር አቀራርቡ። የጽዳት ሠራተኞች የባልዲውን ሥራ ወደ ንጋት እንዲያደርጉት ተነጋገሩ። «እንቅልፍ እንዲወስዳቸው» ተብሎ ዲያዜፓም ወይም ፕሮሜታዚን አይሰጥም፤ የዴሊሪየም አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

መ) ዓይንና ጆሮ። መነጽር ትራስ ሥር ሳይሆን ዓይን ላይ ይሁን። በደንብ የማይሰማ ሰው ጥያቄውን ሳይሰማ የመለሰው መልስ ቅዠት ይመስላል።

ሠ) ቱቦዎች። «የሽንት ቱቦው ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?» ብላችሁ በየጠዋቱ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ይውጣ። ቱቦ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ያሳምማል፣ ሰውንም አልጋ ላይ ያስራል።

ረ) ሕመምና ሆድ ድርቀት። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ፓራሲታሞልን እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ያግኝ። የመጨረሻውን ዓይነ ምድር ቀንም መዝግቡ።

ደረጃ 4፦ በየሺፍቱ ፈትሹ

በመጀመሪያ አስታማሚውን አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ዛሬ እንደ ወትሯቸው ናቸው ወይስ ተለውጠውብሃል?» «ተለውጠዋል» ካለ፣ እናንተ ምንም ባታዩም ወደ ፈተናው እለፉ። ለውጡ ከፍ ዝቅ ስለሚል እናንተ ስትመጡ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

የሚጮኸውን ታካሚ ሁሉም ያየዋል። የሚያመልጠን ዝም ያለው ነው፦ የሚያንቀላፋ፣ ምግብ የማይጠይቅ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ ዓይኑን የሚገልጥ። «ዛሬስ ዐርፈው ተኝተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ዓይነቱ በተለይ በአዛውንት ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን የሚያደርሰውም ጉዳት ከጯሂው አያንስም።

ከዚያ ትኩረትን ፈትኑ። ወራትን የሚያውቅ ሰው ከነሐሴ ጀምሮ ወደ ኋላ ይቁጠር፤ ሳይሳሳት 7 ወር ከደረሰ ትኩረቱ ደህና ነው። ወራት የሚከብዳቸውን የሳምንቱን ቀናት ጠይቁ። እንዲህ ይሄዳል፦

«እማማ፣ ቀናቱን ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ። እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ከዚያስ?»
«እሑድ... ቅዳሜ... ዓርብ...»
«እሺ፣ ከዓርብ በፊትስ?»
«ዓርብ... ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ... በሩን ማን ከፈተው?»

ቀናቱን ያውቋቸዋል። ያቃታቸው ሐሳቡን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ በመሀል የበሩ ድምፅ ወሰዳቸው። የምንፈልገው ይህንን ነው። መናገር የማይችል ታካሚ ከሆነ እጁን ያዙና «‹ሀ› ስል ብቻ ጨበጥ ያድርጉኝ» በሉ፤ ‹ሀ› ደጋግሞ የሚገባባቸው አሥር ፊደላት ቀስ ብላችሁ ጥሩ። ከሁለት በላይ ስህተት ትኩረት እንደሌለ ያሳያል።

ዴሊሪየም ነው የምትሉት፦ (1) ለውጡ ድንገተኛ ወይም ከፍ ዝቅ የሚል ሲሆን፣ እና (2) ትኩረት ሲጠፋ፣ በዚህ ላይ (3) ንግግሩ ሲዘባረቅ ወይም (4) ንቃቱ ከወትሮው ሲቀንስ ወይም ሲበዛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግድ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ የትውልድ ቀንን መፈተኛ አታድርጉ። ብዙ የገጠር አዛውንት ድሮም በቀን በዓመተ ምሕረት አያውቁትም። «አሁን የት ነን? ማን አመጣዎት? አሁን በጋ ነው ክረምት?» የሚሉት ይሻላሉ። ቋንቋውንም ተመልከቱ፤ አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታን ሰው በአማርኛ ፈትኖ «ተዘባረቀ» ማለት አይገባም። አስታማሚው ያስተርጉም።

ደረጃ 5፦ መንስኤውን በቅደም ተከተል ፈልጉ

*በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች።* ስኳር ለኩ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ወዲያውኑ ግሉኮስ። የኦክሲጅን መጠን ለኩ፤ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክሲጅን ጀምሩና ሐኪም ጥሩ። ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ። እነዚህን የምናስቀድማቸው በደቂቃዎች ውስጥ አእምሮን የሚጎዱና በደቂቃዎች ውስጥ የሚስተካከሉ ስለሆኑ ነው። ስኳሩ ወርዶ የተረበሸን ሰው በዲያዜፓም ማስተኛት ምልክቱን ሸፍኖ አደጋውን መተው ነው።

መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ክፉኛ የከሳ ሰው ከሆነ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይሰጥ። ታያሚን እስኪመጣ ተብሎ ግን የወረደ ስኳር አይጠበቅም።

*ቀጥሎ በእጃችሁ።* ከእምብርት በታች ዳስሱ፤ የታጨቀ ፊኛ ካለ ሽንቱ ሲወጣ ሰውየው አንዳንዴ እዚያው ሲረጋጋ ታያላችሁ። ምላስና ከንፈር ደርቋል? ቁስሉ ቀልቷል? የግሉኮስ መርፌው ቦታ አብጧል? አንገቱ ይታጠፋል? አንዱ ወገን ደክሟል? ወድቆ ነበር? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከወደቀ፣ ጭንቅላቱ ላይ ምንም ባይታይም ለሐኪሙ ንገሩ።

*ከዚያ ምርመራ።* ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ የሽንት ምርመራ፣ የደረት ራጅ ያዛል። ትኩሳት ያለበትና ከወባማ አካባቢ የመጣ ሰው የወባ ምርመራው የዚያኑ ሌሊት ይሠራ። ሽንት ላይ ጥቂት ነጭ ሴል ስለታየ ግን «ተገኘ» ብላችሁ ፍለጋውን አታቁሙ፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው።

*መድኃኒቱ።* ከፋርማሲስቱ ጋር ባለፉት ጥቂት ቀናት የተጨመረውንም የተቋረጠውንም እዩ። ተጠርጣሪዎቹ፦ ዲያዜፓም፣ ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚን፣ አሚትሪፕታይሊን፣ ትራይሄክሲፈኒዲል፣ ሃዮሲን፣ ትራማዶል፣ ፔቲዲን፣ ሲሜቲዲን፣ ስቴሮይዶች፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ደግሞ መጠኑ ያልተስተካከለ ሴፌፒም። ለጉንፋን ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ክኒን በአስታማሚው ቦርሳ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል እሱንም ጠይቁ። ማቋረጡን ሐኪሙ ይወስናል፤ ለዓመታት የተወሰደ ዲያዜፓም በአንድ ቀን አይቆምም።

ወዲያውኑ ሐኪም የሚጠራባቸው፦ የማይነቃ ታካሚ፣ የሚጥል ሕመም፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ አዲስ የአንድ ወገን ድካም፣ የወረደ ግፊት፣ በኦክሲጅን የማይስተካከል የትንፋሽ እጥረት።

ደረጃ 6፦ ያለ መድኃኒት አረጋጉ

አንድ ሰው ብቻ ይናገር። አራት ሰው ዙሪያውን ከቦ «ተኛ! አርፈህ ተኛ!» ሲለው ጤነኛ ሰውም ቢሆን ይሸበራል። ፊት ለፊት፣ በዓይኑ ከፍታ ሆናችሁ፣ በስሙ ወይም በሚጠራበት ማዕረግ ጥሩት። «አባባ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ሆስፒታል ነው ያሉት። አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ልጅዎ ይኸው አጠገብዎ ናት።» አጭር፣ ቀስ ያለ፣ ደጋግሞ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ንገሩ።

ግድግዳው ላይ ሰው አየሁ ካሉ «የለም!» ብላችሁ አትከራከሩ፤ «አየሁትም» አትበሉ። «እኔ አይታየኝም፤ ግን እንደፈሩ ይገባኛል፤ አብሬዎት ነኝ» በቂ ነው። ክርክር ፍርሃቱን ያባብሳል፤ ማስመሰል ደግሞ ቅዠቱን ያጸናል።

የሚያውቁት አንድ አስታማሚ ሌሊቱን ይደር። ሌሎቹ ቤት ሄደው ይተኙና በተራ ይምጡ፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛ አስታማሚ እሱም መላው ይጠፋዋል። ከቤት የመጣ ጋቢ፣ የለመዱት ጸሎት ወይም ቁርኣን በዝግታ ሲነበብ ብዙ ሰው ያረጋጋል። ግሉኮሱን የሚነቅሉ ከሆነ መስመሩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከዓይናቸው ሰውሩት፤ በአፍ መውሰድ ከቻሉም ጨርሶ ይነሣ።

ማሰር ረብሻውን ያባብሳል፣ እጅን ያቆስላል፣ ከታሰረበት ለመውጣት ሲታገል የሚወድቅም አለ። በአልጋ ጠርዝ ዘሎ ከመውደቅ አልጋውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ መድኃኒት የሚሰጠው መቼ ነው?

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ፣ ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ሲሆን፣ ወይም የማይቋረጥ ሕክምና (ለምሳሌ ኦክሲጅን) ሲከለክል ብቻ። በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአዛውንት ሃሎፔሪዶል (ማረጋጊያ መድኃኒት) ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም በአፍ ወይም በጡንቻ፤ ከመድገም በፊት በጡንቻ ከሆነ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ በአፍ ከሆነ 4 ሰዓት ያህል ጠብቁ።

አሁን ወደ ሲሪንጁ። የሃሎፔሪዶል አምፑል በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም አለው። ስለዚህ 0.5 ሚሊ ግራም ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን በ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በትክክል መለካት አይቻልም፤ ለዚህ ነው አምፑሉ በሙሉ የሚወጋውና ታካሚው ሁለት ቀን ደንዝዞ የሚያድረው። በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ቅዱ። አምፑሉ ላይ «ዲካኖኤት» የሚል ካለ አትንኩት፤ ለሳምንታት የሚቆይ ሌላ ዝግጅት ነው።

ሃሎፔሪዶል አይሰጥም፦ ፓርኪንሰን ላለበት፤ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ላይ ኪውቲ የሚባለው ጊዜ ለረዘመበት። ሌላው ማረጋጊያ ክሎርፕሮማዚንም ግፊት ስለሚያወርድና ራሱ ቅዠት ስለሚያመጣ ለአዛውንት ጥሩ ምትክ አይደለም።

ዲያዜፓም ቦታ አለው፦ በመጠጥ መቋረጥ ወይም በራሱ በዲያዜፓም መቋረጥ ለመጣ ዴሊሪየም ዋናው ሕክምና ነው። ከዚያ ውጭ ግን ያባብሳል፣ ትንፋሽም ያዳክማል።

ማረጋጊያው በየቀኑ ይገምገም፤ ሰውየው ሲረጋጋ ይቁም።

ደረጃ 8፦ ለቤተሰቡ ንገሩ፣ ሲወጡም ጻፉ

ቤተሰቡ በልቡ የያዘው ጥያቄ «አበዱ ወይ?» የሚለው ነው፤ ባይጠይቁም መልሱላቸው። «እብደት አይደለም። ሰውነታቸው ስለታመመ ነው አእምሯቸው የተረበሸው። መንስኤውን እያከምን ነው። ብዙዎች በቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ሳምንታት የሚቆይበትም አለ። የሚሉትን ነገር ከልባቸው አይደለምና አትቀየሟቸው።»

ጸበል እንውሰዳቸው የሚል ሲመጣ ፊት አትንሡት። ጸበሉ ወደ ታካሚው ሊመጣ እንደሚችል፣ ፈሳሽ ወይም በአፍ መውሰድ ካልተከለከሉ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቢጠጡት ችግር እንደሌለው፣ መድኃኒቱ ግን እንደማይቋረጥ ንገሯቸው። በር የተዘጋበት ቤተሰብ ፈርሞ ያስወጣቸዋል፤ ያኔ የሳንባ ምቹም የኩላሊቱም ሕክምና አብሮ ይቀራል።

የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ዴሊሪየም ነበረበት»፣ መንስኤው፣ የቆመው መድኃኒትና የቀጠሮው ቀን ይሰፍራሉ። አንዴ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና የመድገም ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ይህን ማወቅ አለበት። በቀጠሮው ጊዜም ትኩረታቸውና ትውስታቸው እንደገና ይፈተሽ፤ ዴሊሪየም ተሸፍኖ የቆየ የመርሳት በሽታን ብዙ ጊዜ ይገልጣል።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- «በዕድሜ ነው» ማለት። ዕድሜ ተጋላጭ ያደርጋል እንጂ በአንድ ሌሊት አያቃዥም።
- ጠዋት ደህና ስለሆኑ ፍለጋውን ማቆም። ጠዋት መሻል የበሽታው ጠባይ ነው።
- በርክክብ ላይ «ተረብሾ አደረ» ብቻ ማለት። ስንት ሰዓት ላይ፣ ስኳሩ ስንት ነበር፣ ምን ተሰጠ፣ ምን ቀረ የሚለው ይባል።
- በረብሻ ጊዜ የሽንት ቱቦ አዲስ ማስገባት፣ «እንዳይነሣ» ተብሎ።
- ለሥነ አእምሮ ክፍል ወረቀት ጽፎ መጠበቅ። አማክሯቸው፤ ግን ስኳር፣ ኦክሲጅን፣ ፊኛና መድኃኒት ሳይታይ አይላክ።
- መነጽሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለቀን ተረኛ መስጠት።